«ኸርትብሬክ ሆቴል»ን የጻፈችው መምህርት

የእኛው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» የሚል ስም ወጥቶለት እንደነበር የማያውቅ ጥቂት ነው። ዋናውን ኤልቪስን ለዓለም ያስተዋወቀውን ዘፈን የደረሰችው ግን የእንግሊዝኛ መምህርት እንደነበረች የሚያውቀውም እንዲሁ ጥቂት ነው።

ሜይ ቦረን አክስተን እ.ኤ.አ በ1914 ቴክሳስ ውስጥ ተወልዳ ያደገችው በኦክላሆማ ነው። ጋዜጠኝነት ተምራለች። ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ ከመጣች በኋላ ቀን ታስተምራለች፤ በተረፋት ሰዓት ለመጽሔቶች ትጽፋለች፣ የካንትሪ ሙዚቀኞችን ኮንሰርት ታስተዋውቃለች። የ20 ዓመቱን ኤልቪስ ፕሪስሊን ያገኘችውም በ1955 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለች ነበር።

በዚያው ዓመት ቶሚ ደርደን የተባለ ሙዚቀኛ ጋዜጣ ይዞ ቤቷ መጣ። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ስለ ብቸኝነቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ራሱን አጥፍቷል የሚል ዜና አንብቦ ነበር። ሜይ ሰውየው ትቷቸው የሄደውን ቤተሰቦቹን አሰበች። ልባቸው የተሰበረ ሰዎች የሚያርፉበት ሆቴል ወደ ግጥሙ የገባው ያኔ ነው። ዘፈኑ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀባቸውም ይባላል።

በኅዳር ወር ናሽቪል ሄዳ ለኤልቪስ አሰማችው። እየደጋገመ አዳመጠው። ጥር 10 ቀን 1956 ተቀረጸ። የአሳታሚው ኩባንያ ኃላፊዎች ጨለማ የበዛበት ነው ብለው ፊታቸውን ቢያጠቁሩም፣ የሀገሪቱን ሰንጠረዥ በአንደኝነት መራ፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጠ።

አንድም ቃል ያልጻፈው ኤልቪስ ግን የድርሰቱ ሲሶ ባለቤት ሆኖ ተመዘገበ። ሜይ በፈቃዷ እንደሰጠችው ስትናገር ኖራለች። በፈቃዷም ቢሆን ሲሶው ሲሶ ነው! በእኛም ሀገር የግጥም ደራሲው ስም በካሴት ሽፋን ጀርባ፣ በደቃቃ ፊደል ተጽፎ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው።

እናቱ ያንን ዘፈን ስትጽፍ ሆይት አክስተን ገና ጎረምሳ ነበር። ኋላ ዘፋኝ፣ ደራሲና የፊልም ተዋናይ ሆነ። የጻፈውን «ጆይ ቱ ዘ ወርልድ» ስሪ ዶግ ናይት የተባለው ባንድ በ1971 ተጫውቶት 6 ሳምንት አንደኛ ሆነ። እናትና ልጅ እያንዳንዳቸው የአንደኛ ደረጃ ዘፈን ደራሲ መሆናቸው ብርቅ ነው። ናሽቪሎች ግን ሜይን የወደዷት ለጀማሪ ዘፋኞች በምታደርገው ድጋፍም ጭምር ነበር፤ «የናሽቪል እናት ንግሥት» ይሏት ነበር።

በሚያዝያ 1997 ቴነሲ ውስጥ በ82 ዓመቷ አረፈች። ሆይትም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተላት።

በ2016 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ያንን የጋዜጣ ወሬ የተከታተለ ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉ መሠረት የብቸኝነቷን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ራሱን አላጠፋም፤ በ1955 በቴክሳሷ ኤል ፓሶ የመጠጥ መደብር ሊዘርፍ ገብቶ በባለመደብሩ ጥይት የተገደለ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ሜይ ይህ ሲጻፍ ካረፈች 19 ዓመት ሆኗት ነበር።