ምንጣፍ ሻጩ ሐኪም፦ የዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው ሕይወት

ለማህፀን ምርመራ ወደ ክሊኒክ የሄዱ እህቶቻችን «ፓፕ» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ አይቀሩም። ብዙዎቻችን ተራ የእንግሊዝኛ ቃል ይመስለናል፤ ነገር ግን የሰው ስም ነው። የስሙ ባለቤት የግሪክ ተወላጁ ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው ሲሆኑ፣ አሜሪካኖች ስሙ ቢረዝምባቸው ከፊቱ ቆረጥ አድርገው «ፓፕ» አሉት። የእኛም ስም በየመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚደርስበት ስለምናውቅ ይህ ብዙም አይደንቀንም። ማኅበራችን 10ኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት የእኚህን ስደተኛ ሐኪም ታሪክ ለውድ አንባቢያን ስናቀርብ፣ እናቶችና እህቶች በተለይ እንዲያነቡልን እንፈልጋለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዶክተር ፓፓኒኮላው በ1883 በግሪክ አገር፣ በኤቪያ ደሴት፣ ኪሚ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ስለነበሩ ልጃቸውም በዚያው መንገድ እንዲሄድ ይፈልጉ ነበር። እርሳቸውም በአቴንስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1904 ተመረቁ። ይሁን እንጂ ልባቸው ወደ ምርምር ያደላ ስለነበር ወደ ጀርመን ተሻግረው በ1910 ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። በዚያው ዓመት አንድሮማኪን አገቡ፤ እኚህ ሴት በኋላ በአሜሪካ ሜሪ ተብለው የታወቁት ናቸው። በ1912 የባልካን ጦርነት ሲነሣ ዶክተሩ በሐኪምነት ዘመቱ፤ እዚያም ከአሜሪካ መጥተው ከዘመቱ ግሪኮች ጋር ተዋውቀው ስለዚህ አገር ሰሙ።

በ1913 ባልና ሚስት ኒውዮርክ ገቡ። ቋንቋው የላቸውም፤ ገንዘባቸውም ለመግቢያ ከሚጠየቀው እምብዛም አይበልጥም ነበር። የሁለት ዲግሪ ባለቤት የሆኑት ሐኪም ጊምብልስ በሚባል ትልቅ መደብር ምንጣፍ ለመሸጥ ተቀጠሩ፤ ወይዘሮ ሜሪም እዚያው ቁልፍ ይሰፉ ጀመር። የምንጣፉ ሥራ አልዘለቀም። ዶክተሩ በየምግብ ቤቱ ቫዮሊን ተጫወቱ፤ በአንድ የግሪክኛ ጋዜጣም ሠሩ። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ በሲያትል ታክሲ የነዳ ወይም መኪና ማቆሚያ የጠበቀ ወገናችን ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ብዙም ሳይቆይ ግን በኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ በላቦራቶሪ ሥራ አገኙ። የተሰጣቸው ጥናት ጊኒ ፒግ በሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ላይ ነበር። የእንስሳቱ እንቁላል መቼ እንደሚወጣ ለማወቅ ሌሎች ተመራማሪዎች ይገድሏቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ለአፍንጫ ምርመራ በተሠራ ትንሽ መሣሪያ ከብልታቸው ጥቂት ፈሳሽ እየወሰዱ፣ በስስ መስታወት ላይ እየቀቡ፣ በማይክሮስኮፕ ያዩ ጀመር። ሕዋሳቱ ቀን በቀን ሲለዋወጡ ታዩዋቸው። ይህን ውጤት ከአለቃቸው ከስቶካርድ ጋር ሆነው በ1917 አሳተሙ።

ከእንስሳት ወደ ሰው ለመሻገር ፈቃደኛ ሴት ያስፈልግ ነበር። ያቺ ሴት ባለቤታቸው ሆኑ። ወይዘሮ ሜሪ በላቦራቶሪው የባላቸው ረዳት ሆነው ከመሥራታቸውም በላይ ለብዙ ዓመታት ናሙና የሰጡ እርሳቸው ናቸው። በእኛ አስተያየት የምርመራው ስም የሁለቱም መሆን ነበረበት።

ከዚያም ዶክተሩ በሆስፒታል የተኙ ሴቶችን ናሙና ሲመረምሩ የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ሕዋሳት ተለይተው ታዩዋቸው። ግኝቱን በ1928 በሚሺጋን ግዛት በባትል ክሪክ ከተማ አቀረቡ። መድረኩ ራሱ አልተመረጠም፤ የሰውን ዘር እናሻሽላለን የሚሉ ሰዎች የጠሩት ጉባኤ ነበር። በዚያ ላይ የሕክምናው ሊቃውንት ሥጋ ተቆርጦ ካልታየ ካንሰር አይታወቅም ባዮች ስለነበሩ ነገሩን ችላ አሉት። ዶክተሩ ሳይጨቃጨቁ ወደ ሌላው ጥናታቸው ተመለሱ። በ1939 አዲስ የክፍል ኃላፊ ሲመጣ ነው እንደገና የተነሡት። ከማህፀን ሐኪሙ ከኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ጽሑፍ፣ በ1943 ደግሞ መጽሐፍ አወጡ። ያን ጊዜ ዓለም አመነ።

ጥቅሙ ምን ላይ ነው ቢባል፣ ይህ በሽታ በአንድ ሌሊት አይመጣም። የማህፀን በር ሕዋሳት መበላሸት ከጀመሩ አንሥቶ ካንሰር እስኪሆኑ ብዙ ጊዜ ዓመታት ይፈጃሉ፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሴትየዋ ምንም አያማትም። በምርመራው ከተገኘ ግን የተበላሸውን ቦታ ብቻ አንሥቶ መገላገል ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ በሽታ የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በላይ የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዶክተር ፓፓኒኮላው በ1961 ወደ ማያሚ ሄደው የካንሰር ተቋም መምራት ቢጀምሩም፣ በየካቲት 1962 በልብ ሕመም ዐረፉ። የኖቤል ሽልማት አላገኙም።

ሥራው ከእርሳቸው በኋላም ቀጥሏል። የበሽታው መነሻ ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ መሆኑን ያሳዩት ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ተሸለሙ። ለክትባቱ መገኘት በዚህች በከተማችን በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሎራ ኩትስኪ፣ በፍሬድ ሃቺንሰን ዴኒስ ጋሎዌይ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በአገራችን ይህ ካንሰር በሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣ ሲሆን፣ ክትባቱ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። መስታወቱን የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ክፍለ ሀገር ደግሞ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ የማህፀን በር ላይ ተቀብቶ የነጣውን ቦታ በዓይን በማየት ይመረመራል።

በዚህ አገር ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ21 ዓመት ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ይደረጋል፤ ከ30 ዓመት በኋላ የቫይረሱ ምርመራ ከሆነ በየ5 ዓመቱ ይበቃል። የተከተበችም ሴት መመርመር አለባት። ሐፍረት የሚይዛት እህት ሴት ሐኪም መጠየቅ ትችላለች፤ አስተርጓሚም ሆስፒታሉ በነፃ ያቀርባል፤ ልጅን ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አድርጎ መውሰድ ለሁለቱም ይከብዳል። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሴትየዋ በክሊኒኩ ውስጥ ለብቻዋ ሆና ናሙናውን ራሷ እንድትወስድ ተፈቅዷል። በ65 ዓመት ይቆማል የሚባለው ደንብ ቀድሞ በየጊዜው ለተመረመረች ሴት ነው። በእርጅና ዘመናቸው ልጆቻቸው ዘንድ የመጡ፣ በአገር ቤት አንድም ቀን ያልተመረመሩ እናቶች ዕድሜያቸው ቢያልፍም ሐኪሙን መጠየቅ ይገባቸዋል።