ሙሴ ኢልግና ሐረር ያልደረሰው ባቡር

በባቲ የሰኞ ገበያ ቆሞ ያየ ሰው፣ ከአፋር በረሃ ጨው ጭኖ የመጣ ግመል ከተራራው ግርጌ ሲራገፍ ተመልክቶ ይሆናል። ወደ ደጋው የሚወጣውን ጭነት ከጥንት ጀምሮ የሚረከቡት በቅሎና አህያ ናቸው። የባቲ ነጋዴ ግመሉ የት ላይ መቆም እንዳለበት መሐንዲስ ሳይጠይቅ ያውቃል። ይኸው የቆላና የደጋ ጣጣ፣ በሐረር ተራሮች ሥር፣ በአንድ ወቅት ሙሴ አልፍሬድ ኢልግን ገጥሟቸው ነበር።

ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር በፍራውንፌልድ ተወለዱ። በዙሪክ ምሕንድስና ተምረው፣ በ1871 ዓ.ም. በሃያ አምስት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ወደ ነበሩት ወደ ምኒልክ ዘንድ አንኮበር ደረሱ። ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነበር ይባላል፤ ቀጥሎም ጠመንጃ። መሐንዲሱ ጠመንጃን ከውጭ አገር ገዝቶ ማስመጣት እንደሚሻል ቢያስረዱም አልተለቀቁም፤ ሠርተው አስረከቡ። ይህን የሚተርኩ ሰዎች ይሥቁበታል። ለእኔ ግን ንጉሡ የፈለጉት ጫማውንም ጠመንጃውንም ሳይሆን የሰውዬውን ችሎታ መመዘን ይመስለኛል።

ኢልግም የታዘዘው ሌላ፣ የተፈለገው ሌላ ሊሆን እንደሚችል ቶሎ ተረዱ። አማርኛ ተምረው ያለ አስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበርና፣ አዛዡን ከአንደበቱ ለመስማት በቁ። ዛሬ ለአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚደክሙበት ይኸው ነው፤ ምን ይፈለጋል፣ ለማን፣ በምን ያህል ገንዘብ፣ ከተለወጠስ ማን ይፈቅዳል? እኛ ከዩኒቨርሲቲ አዲስ የወጣን ወጣቶች ጥያቄውን በወረቀት ማሰናዳት እንወድዳለን፤ መልሱን ለማዳመጥ ግን ትዕግሥታችን አጭር ነው።

በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር እንዲዘረጋ ለኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ሲሆን፣ መንገዱም በሦስት የተከፈለ ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሆነ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ሐረር ተብሎ ተጽፏል። ሐረር ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አልፋ፣ ከተራራ በስተኋላ ተቀምጣለች። ባቡሩን እዚያ ለማውጣት የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ብዙ ነበር። ቃሉን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ተራራውን ሲቆፍር ኩባንያው ባለቀ ነበር። ሐረር የተጠራችው ግን የንግድ በር በመሆንዋ ነው፤ ቁም ነገሩ የባሕሩን ወደብ ከመሐል አገር ጋር ማገናኘት ነበር። ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በግርጌው አለፈ። ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የቆመበት ስፍራ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ናት። የሐረር ነጋዴ ዕቃውን በጭነት ከብት ወደ ጣቢያው ማውረድ ግድ ሆነበት፤ ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም።

ቦታው ሲለወጥ ዓላማው አልተነካም። ገንዘቡ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ኩባንያው ገንዘብ ስላጠረው በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ድጎማ ሊቀበል ተስማማ። ለዚህም የፈረንሳይ መንግሥት በባቡሩ ላይ ሥልጣን አገኘ። ዐፄ ምኒልክ ግን አልተጠየቁም ነበርና ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ለአገራቸው የሚያገለግል ባቡር እንጂ የሌላ መንግሥት መንገድ አልነበረም። ይህ በፈቃዱ ውስጥ ጠንክሮ ሊጻፍ ይገባ የነበረ ነገር ይመስለኛል፤ ኢልግ ተራራውን ያህል ባለ ገንዘቦቹን አልመረመሩም ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ፈቃዱ ለሌላ ኩባንያ ተሰጠ። ሙሴ ኢልግ አማካሪነታቸውን ትተው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበርና፣ በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በሚቀጥለው ዓመት ነው።