የባሕሩን ዳር መንገድ ያስባለው ሰው

በሐምሌ ወር ከቀትር በኋላ ከፖርትላንድ ተነሥቶ፣ የኮሎምቢያን ወንዝ ይዞ ወደ ምሥራቅ ስድሳ ማይል ያህል የነዳ ሰው፣ ሁድ ሪቨር ከምትባለው ትንሽ ከተማ ሲደርስ ወንዙ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሸራዎች ወዲያና ወዲህ ሲበሩ ያያል። ዊንድሰርፊንግ ይሉታል። ምሰሶና ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ ጉልበት ውኃ ላይ መንሸራተት ነው። ከመኪናው ሆኖ ለሚያየው የነፋስና የጉልበት ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ስፖርተኛውን ብትጠይቁት ግን የቀኑ ትልቁ ጭንቀት በየት በኩል ውኃው ውስጥ እገባለሁ የሚለው ነው። መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ረጅሙን ምሰሶና ሸራ መሬት ላይ ዘርግቶ የሚወጥርበት ደረቅ ሜዳ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ሰሌዳውን ተሸክሞ እግሩን ሳይሰብር የሚወርድበት ዳርቻ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ወንዙ ለእሱ ሥዕል ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ እንዲህ ባለ ቦታ ስቆም ዓይኔ ከሸራው ይልቅ ዳርቻው ላይ ያርፋል። የዚህ ዳርቻ ጥያቄ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ ሰው ይመልሰኛል። ሰውየው ዊንድሰርፊንግ የሚባል ነገር ዓለም ሳያውቀው የሞተው የኦሪገን ግዛት 14ኛ ገዥ ኦስዋልድ ዌስት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌ ነው የጻፍኩት።)

ዌስት የተወለደው ሜይ 20 ቀን 1873 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ወላጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኦሪገን ስለመጡ ያደገው በዋና ከተማዋ በሳሌም ነው። እንግዲህ ለአገሩ ሰው ይህን ያህል የሠራው ሰው እንደ ብዙዎቻችን ከውጭ የመጣ ነበር ማለት ነው። ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። ገና በጉርምስናው ባንክ ቤት ተቀጥሮ ከገንዘብ መስኮት ኋላ ተቀመጠ። በ1899 የወርቅ ወሬ ናላቸውን ካዞራቸው ጎረምሶች ጋር አላስካ ወርዶ ስድስት ወር ያህል ቆፈረ፤ ወርቁ አላዋጣውም መሰለኝ ተመልሶ አስቶሪያ በምትባል ከተማ እንደገና ባንክ ገባ። አስቶሪያ ኮሎምቢያ ወንዝ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ያለች ወደብ ናት። በዚያው በ1899 የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚያ አውራጃ ያለውን የባሕር ዳር አሸዋ የሕዝብ መንገድ ነው ብሎ ደንግጎ ነበር። ወጣቱ የባንክ ሠራተኛ በዚህ አሸዋ አጠገብ ኖሯል፤ ነገሩንም ያኔ ልብ ሳይለው አልቀረም።

በ1903 ገዥው ቻምበርሌን የግዛቲቱ የመሬት ወኪል አድርጎ ሾመው። ሥራው ስሙ ሲጠራ የሚያንቀላፋ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኦሪገን ውስጥ ግን ከእሳት ጋር መጫወት ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች መተዳደሪያ ይሁን ብሎ ለግዛቲቱ የሰጠው መሬት ነበር። ቁማርተኞች በሌለ ሰው ስም፣ በተከፈለ መስካሪ፣ በርካሽ ዋጋ እየገዙ ለእንጨት ኩባንያዎች ያሻግሩት ነበር። ቅሌቱ እስከ ዋሽንግተን ደርሶ በ1905 የኦሪገኑን ሴናተር ጆን ሚቸልን ጥፋተኛ አስደርጓል። ዌስት መዝገብ ለመዝገብ እየተንከራተተ የተዘረፈውን መሬት ለትምህርት ቤቶቹ ማስመለስ ያዘ። ባንክ ቤት የተማረው ሒሳብ እዚህ ጠቀመው። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ይዞ የወጣ ይመስለኛል። የሕዝብ የሆነ መሬት በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ማንም ሳያየው በትንሽ በትንሹ፣ በፊርማ በፊርማ ነው የሚጠፋው።

ከመሬት ወኪልነት ወደ ባቡር ሐዲድ ኮሚሽን ተዛወረ፤ በ1910 ደግሞ ሪፐብሊካኖች በሚበዙበት ግዛት ዴሞክራት ሆኖ ተወዳድሮ በሠላሳ ሰባት ዓመቱ ገዥ ሆነ። ከ1911 እስከ 1915 ለአራት ዓመት ብቻ ነው የገዛው። በ1912 የኦሪገን ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ አዋጁ ላይ የፈረመው እሱ ነው።

የባሕሩ ዳር ነገር እንዲህ ነው። የኦሪገን የባሕር ጠረፍ 360 ማይል ገደማ ይረዝማል፤ በብዙ ቦታ ተራራው እስከ ውኃው ድረስ ወርዶ ስለሚቆም መንገድ ለመሥራት አይመችም። ሰዉ ባሕሩ እስኪሸሽ ጠብቆ በእርጥቡና በጠነከረው አሸዋ ላይ ፈረሱንና ጋሪውን ይነዳ ነበር። ሃግ ፖይንት በሚባለው ቦታ ዓለቱን ፈልፍለው ያወጡት ጠባብ የጋሪ መተላለፊያ ዛሬም አለ፤ ባሕሩ ከሞላ አያሳልፍም። በሌላ በኩል ግዛቲቱ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ማዕበል የሚመላለስበትን አሸዋ እየቆራረጠች ለግለሰቦች ትሸጥ ነበር። ዌስት አንድ ጊዜ ዛሬ ካነን ቢች ከሚባለው መንደር በፈረስ ተነሥቶ፣ አርክ ኬፕን አልፎ፣ የኒያካኒን ተራራ ወጥቶ ወርዶ ነሃለም ደረሰ። ዘዴው የመጣለት በዚያ ጉዞ ላይ መሆኑን በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ዘዴው ይህ ነበር። ባሕር ዳሩ ውብ ነውና ለሕዝብ ይጠበቅ ብሎ ቢነሣ መሬት ገዢዎቹና ወዳጆቻቸው ምክር ቤቱን ያንቀሳቅሱበታል። ስለዚህ ስለ ውበት አንድም ቃል ሳይተነፍስ በ1913 ከስድሳ ስድስት ቃል የማይበልጥ ረቂቅ አቀረበ። ከሰሜን ኮሎምቢያ ወንዝ እስከ ደቡብ ካሊፎርኒያ ድንበር፣ ከተራው የማዕበል ሙላት መስመር እስከ መጨረሻው የማዕበል ሽሽት መስመር ያለው ዳርቻ የሕዝብ አውራ ጎዳና ይሁን የሚል ነው። ያቀረበው ምክንያትም ግብር ከፋዩ አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ግዛቲቱ በመቶዎች ማይል የሚቆጠር መንገድ ታገኛለች የሚል ነበር። ርካሽ መንገድ የሚጠላ ፖለቲከኛ የት ይገኛል! ሕጉ አለፈ። ዌስት ከዓመታት በኋላ ሲያጫውት የምክር ቤቱ አባላት ወጥመዱ ውስጥ ሰተት ብለው እንደገቡለት እየሳቀ ይናገር ነበር። እኔ መንገድ የሚነድፉ ሰዎች መካከል ስለምውል ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። ዲዛይን የሌለው፣ ኮንትራክተር ያልነካው፣ ማዕበሉ በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠግነው አውራ ጎዳና ነው።

ሰውየውን መልአክ ማድረግ ግን አልፈልግም። በዚያው በ1913 የምክር ቤት ዘመን፣ መንግሥት ጉድለት አለባቸው ያላቸውን ሰዎች አስገድዶ እንዲያመክን የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ዌስት ደግፎታል፤ ፈርሞበታልም። ያንን ሕግ ያስቆመው የኦሪገን ሕዝብ ነው፤ በኖቬምበር ወር በድምፁ ጣለው። ባሕሩን ለሁሉም የከፈተው ብዕርና ይህን የፈረመው ብዕር የአንድ ሰው ብዕር ነው።

መጠጥ አጥብቆ ይጠላ ነበር። በጃንዋሪ 1914 የግል ጸሐፊውን ፈርን ሆብስን ጥቂት ወታደሮች አስከትሎ ኮፐርፊልድ ወደምትባል የሰካራምና የቁማርተኛ መንደር ላካት። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ወጣት ሴት ናት። በረዶ ውስጥ ከባቡር ወርዳ ባለሥልጣናቱን ከሥራ አሰናብታ፣ መጠጥ ቤቶቹን አሽጋ በዚያው ቀን ስትመለስ ወሬው አሜሪካን አዳረሰ። ዌስት በአገሪቱ ዘንድ ስሙ የታወቀው በአሸዋው ሳይሆን በዚህች ሴት ነው። ለሁለተኛ ዘመን አልተወዳደረም። በ1918 ለሴናተርነት ቢወዳደርም በቻርልስ ማክናሪ ተሸነፈ፤ ከዚያ ወዲያ ፖርትላንድ ውስጥ በጥብቅና ኖረ።

ሕጉ አንድ ጉድለት ነበረበት። የሸፈነው እርጥቡን አሸዋ ብቻ ነው። ጋሪ ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገውም እሱ ነበር። ከማዕበሉ መስመር በላይ ያለው ደረቅ አሸዋ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ የሚዘረጋበት፣ ዛሬ ደግሞ ዊንድሰርፈሩ ሸራውን የሚወጥርበት ቦታ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይነገር ቀረ። ሰዉ ይጠቀምበት ስለነበር ማንም አልጠየቀም። በ1966 በጋ ካነን ቢች ላይ አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ በግንድ አጥሮ ለእንግዶቹ ብቻ አደረገው። ጉዳዩ ምክር ቤት ደርሶ ሊታፈን ሲል ገዥው ቶም ማክኮል በሜይ 13 ቀን 1967 ቀያሾችና ሳይንቲስቶች በሄሊኮፕተር ጭኖ አሸዋው ላይ አረፈ። የቀረቡት ሐሳቦች እያንዳንዳቸው የሕዝቡን መስመር የት ላይ እንደሚጥሉት በችካል አሳየ። ጋዜጠኞቹም ፎቶግራፍ አነሡ። ወረቀት ላይ የማይታይ ነገር መሬት ላይ በችካል ሲታይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ቀያሽ ያውቀዋል። በጁላይ ወር ማክኮል የፈረመበት ሕግ የሕዝቡን መብት ዕፅዋት እስከሚጀምርበት መስመር፣ ከባሕር ወለል በላይ 16 ጫማ ገደማ ድረስ ከፍ አደረገው።

ባለቤቱ ይግባኝ ብሎ ጉዳዩ በ1969 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የፈረደው በልማድ ነው። ነጮች ከመምጣታቸው በፊት ነባሮቹ ሕዝቦች በእርጥቡ አሸዋ ላይ ክላም የሚባለውን የባሕር ዛጎል ለበስ ቆፍረው ሲለቅሙ፣ በደረቁ ላይ እሳት ሲያነዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም ሰው ሳያቋርጥ ተጠቅሞበታል፤ ስለዚህ አይታጠርም አለ። እኛ አገር ገበሬው እስከ ድንበሩ ድረስ ያርሳል፤ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበትን፣ ከብቱ የሚወርድበትን መንገድ ግን አያርስም፤ ይህ ፍርድ ለእኛ ሰው ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ዛሬ በደቡብ ኦሪገን ፒስቶል ሪቨር ላይ ሸራውን አሸዋው ላይ ዘርግቶ የሚወጥረው ሰው የሚቆመው በእነዚህ ሁለት መስመሮች፣ በ1913ቱና በ1967ቱ፣ ላይ ነው።

ወደ ሁድ ሪቨር ልመለስ። እዚያ ያለው ወንዝ ስለሆነ እነዚህ ሁለት ሕጎች አይደርሱበትም። ነፋሱ ግን ከባሕሩ ይበልጣል። በበጋ ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ያለው በረሃ ሲግል ከባሕር በኩል ያለውን ቀዝቃዛ አየር በወንዙ ሸለቆ ጠባብ በር ይስባል። ነፋሱ ወደ ምሥራቅ፣ ወንዙ ወደ ምዕራብ ስለሚሄዱ ነፋሱ የገፋውን ሰው ወንዙ መልሶ ያመጣዋል። ችግሩ ዳርቻው ነው። በኦሪገን በኩል የባቡር ሐዲዱና በ1950ዎቹ በወንዙ ጠርዝ የተሠራው ፈጣን መንገድ፣ በዋሽንግተን በኩል ሌላ ሐዲድ ዳርቻውን ይዘውታል። በ1938 የተጠናቀቀው የቦንቪል ግድብና በ1957 የተዘጋው የዘ ዳልስ ግድብ ደግሞ ውኃውን ከፍ አድርገው የቀድሞውን አሸዋ ውጠውታል። የቀረው በብዙ ቦታ ለመንገዱ መከላከያ የተከመረ ሹል ድንጋይ ነው። በባሕሩ በኩል ዳርቻውን ለሕዝብ ያተረፈው መንገድ የሚለው ቃል ነበር፤ እዚህ ዳርቻውን የዘጋው እውነተኛው መንገድ ነው። ዌስት ራሱ በ1913 የተቋቋመው የመንገድ ኮሚሽን አባል ነበርና፣ የሸለቆው የመጀመሪያ ዝነኛ አውራ ጎዳናም በዚያው ዓመት ነው የተጀመረው።

ስለዚህ ወንዙ ዳር በአንድ አዋጅ የተገኘ ነገር የለም፤ መግቢያዎቹ የተገኙት አንድ በአንድ ነው። በ1987 የተመሠረተው የሸለቆው የዊንድሰርፈሮች ማኅበር ከወደብ አስተዳደሮች፣ ከፓርኮችና ከመንገድ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲደራደር ኖሯል። የሚደራደሩበት ነገር ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ረድፍ መኪና ማቆሚያ፣ ነፋስ የማያነሣው የሣር ሜዳ፣ በድንጋዩ መካከል የሚያወርድ ደረጃ፣ ሐዲዱን በደኅና የሚያሻግር ቦታ። ዳግስ ቢች በሚባለው መግቢያ ዛሬም ሰው ሰሌዳውን ተሸክሞ ሐዲድ ተሻግሮ ነው ወንዙ ጋ የሚደርሰው። ከስፖርተኞቹ በፊት ደግሞ በ1855 ውሎች ዓሣ የማጥመድ መብታቸው የተጠበቀላቸው ነባር ሕዝቦች አሉ፤ ለእነሱ የተለዩ መውረጃዎች ስላሉ ባዶ ዳርቻ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ዌስት በኦገስት 22 ቀን 1960 በሰማንያ ሰባት ዓመቱ ፖርትላንድ ውስጥ ሞተ። በፈረስ ከወጣው ከኒያካኒ ተራራ ሥር በስሙ የተጠራ ፓርክ አለ። እዚያ መኪና እስከ አሸዋው አይወርድም፤ ወጣቶቹ ከአውራ ጎዳናው ዳር አቁመው፣ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ግማሽ ማይል ያህል በትልልቆቹ ዛፎች ሥር በእግር ይወርዳሉ። ከፍ ብሎ ከጥርጊያው ዳር ድንጋይ ላይ የተለጠፈ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ኦስዋልድ ዌስትን እንዲያመሰግን ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው የሚቆመው ባሕሩን ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው።