ኦቶ ቪኽተርሌና የሃይድሮጄል አነሣሥ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤቶች እንግዳ ያልሆነው ተልባ ውኃ ውስጥ ሲነከር ፍሬው ዝልግልግ ሽፋን ያወጣል። ሽፋኑ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውኃ ይዘው ያበጡበት ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በጽኑ ስላልተያያዙ ግን ውኃ በተጨመረ ቁጥር ዝልግልጉ ይቀጥናል። ውኃ ይዞ የሚያብጥ፣ ሆኖም የማይሟሟና ቅርጹን የማይለቅ ቁስ ለማግኘት ሰንሰለቶቹን እዚህም እዚያም በኬሚካዊ ድልድይ ማሰር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መስቀለኛ ትስስር ያለውን ፖሊመር ለሰው አካል እንዲስማማ አድርገው ካበጁት ቀደምት ሊቃውንት መካከል ዋነኛው ቼኩ ኬሚስት ኦቶ ቪኽተርሌ ናቸው።

ቪኽተርሌ ኦክቶበር 27 ቀን 1913 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሞራቪያ፣ ፕሮስትየዮቭ ከተማ ተወለዱ። በፕራግ ኬሚስትሪ ተምረው በ1936 ተመረቁ። የጀርመን ወራሪ ኃይል በ1939 የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጋ በዝሊን በሚገኘው የባታ ጫማ ፋብሪካ የምርምር ክፍል ተቀጠሩ። እዚያም በ1941 በኋላ ሲሎን የተባለውን የፖሊአማይድ ክር ሠሩ። በ1942 በጌስታፖ ተይዘው ለጥቂት ወራት ታሰሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፕራግ ተመልሰው በማስተማርና በምርምር ቀጠሉ።

በ1952 በባቡር ሲጓዙ ስለ ዐይን ተተኪ አካላት ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ያደረጉት ጭውውት የምርምራቸውን አቅጣጫ ወሰነ። ለዚህ ዓላማ ይታሰቡ የነበሩት ብረትና ጠጣር ፕላስቲክ ነበሩ። ቪኽተርሌ ግን ሕያው አካል አብዛኛው ውኃ ከሆነ ተተኪውም ውኃ አዘል ሊሆን ይገባል ከሚል ሐሳብ ተነሡ። ከባልደረባቸው ከድራሆስላቭ ሊም ጋር ሃይድሮክሲኤቲል ሜታክሪሌትን ከጥቂት ኤቲሊን ግላይኮል ዳይሜታክሪሌት ጋር ፖሊመር አደረጉ። የመጀመሪያው ውኃ ወዳድ ሰንሰለት ይሠራል፤ ሁለት ንቁ ጫፎች ያሉት ሁለተኛው ሰንሰለቶቹን ያገናኛል። ውጤቱ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ውኃ የሚይዝ፣ ጥርት ያለና ለስላሳ ጄል ሆነ። በዚህ ዐይነት ቁስ ድልድዩ ሲበዛ ጄሉ ይጠነክራል፤ ሲያንስ ይለሰልሳል፣ ይበልጥም ያብጣል። ሥራቸው በ1960 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ።

በዚህ መካከል፣ በ1958፣ ቪኽተርሌ በፖለቲካ ምክንያት ከሚያስተምሩበት ተቋም ተባረሩ። የሳይንስ አካዳሚው ግን አዲስ ያቋቋመውን የማክሮሞለኪዩል ኬሚስትሪ ተቋም በኃላፊነት ሰጣቸው። ከጄሉ የዐይን ሌንስ የማውጣቱ ሥራ ደግሞ በሌላ እንቅፋት ተያዘ፤ በዝግ ቅርጽ ማውጫ የተሠሩት ሌንሶች ሲወጡ ጠርዛቸው ይቀደድ ስለ ነበር ሥራው በይፋ እንዲቆም ተደረገ። ቪኽተርሌ በ1961 የገና ሰሞን በቤታቸው፣ መርኩር ከተባለ የልጆች መገጣጠሚያ መጫወቻ፣ ከብስክሌት ዲናሞና ከበር ደወል ትራንስፎርመር አንድ መሣሪያ ገጣጠሙ። ፈሳሹ ሞኖመር በሚሽከረከር ክፍት ጎድጓዳ ውስጥ ሲገባ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ራሱ የሌንሱን ጎን ይቀርጻል፤ ጠርዙም ለስላሳ ይሆናል። በዚያ ዕለት አራት ሌንሶች ወጡ። በተከታዮቹ ወራት ከባለቤታቸው ከሊንዳ ጋር 5,500 ያህል ሠሩ።

በኋላ የፈጠራው መብት በመንግሥት በኩል ለአሜሪካ ድርጅት ተላለፈ። ለስላሳው ሌንስ በ1971 በአሜሪካ ለገበያ ተፈቀደ፤ ለፈልሳፊው የደረሰው ድርሻ ከትርፉ እጅግ ጥቂቱ ነበር። በ1968 የለውጥ ጥሪ ሰነድ በመፈረማቸውም በ1970 ከኃላፊነት ተነሡ። የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ በ1990 የቼኮዝሎቫኪያ የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኦገስት 18 ቀን 1998 ዐረፉ።

ያው ትስስር በፈሳሽ ውስጥ በተበተኑ ጠብታዎች ሲካሄድ ጥቃቅን የፖሊመር እንክብሎችን ይሰጣል፤ እነዚህም መድኃኒትን ቀስ በቀስ ለመልቀቅ ያገለግላሉ። ለስላሳው ሌንስ የቆሰለን የዐይን ፊተኛ ሽፋን መሸፈኛ ሆኗል፤ ሌሎች ሃይድሮጄሎችም በደረቅ አፈር እርጥበት እንዲይዙ ይደረጋል። ትራኮማ ብዙ ዐይን ለጎዳበት፣ ዝናብም ለሚያጥረው የደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ሁለቱም ጥቅሞች ሩቅ አይደሉም። የተልባው ዝልግልግም ቢሆን የጎደለው ድልድዩ ብቻ ነው።