ሪትዊክ ጋታክ፤ የተከፈለች አገር ልጅ

ሪትዊክ ጋታክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. በዳካ ከተማ ተወለደ። በ1947 ዓ.ም. ሕንድ ነጻ ስትወጣ ቤንጋል ለሁለት ተከፈለች፤ የትውልድ ስፍራው በፓኪስታን ወሰን ውስጥ ቀረ፤ እርሱም በካልካታ የስደተኛ ኑሮ ኖረ። ይህ ቁስል እስከ ዕለተ ሞቱ አልሻረለትም።

በመጀመሪያ ከሕንድ ሕዝባዊ የቴያትር ማኅበር ጋር ሠራ፤ ብዙ ሕዝብ ለመድረስ ሲል ግን ፊቱን ወደ ሲኒማ አዞረ። የመጀመሪያ ፊልሙን «ናጋሪክ»ን በ1952 ዓ.ም. ፈጸመ፤ ለሕዝብ የታየው ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በ1977 ዓ.ም. ነው። በ1960 ዓ.ም. የወጣው «ሜጌ ዳካ ታራ» ስደተኛ ቤተሰቧን ስትጦር ኖራ በሳንባ ነቀርሳ የወደቀችውን የኒታን ታሪክ ያሳያል። ገበያ የቀናው በዚህ ፊልም ነበር፤ ተከታዮቹ «ኮማል ጋንዳር» እና «ሱባርናሬካ» ግን ተመልካች አጡ። ቢሆንም ስለ ተከፈለችው አገሩ መናገሩን አልተወም።

በፑና የፊልም ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ሲያስተምር እነ ማኒ ካውልንና ኩማር ሻሃኒን አፈራ። መጠጥና ሕመም አድክመውት በ1976 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ ከታላላቆቹ ተርታ ይቈጠራል። እኛ ተማሪዎች ሰውን በገበያው ከመመዘናችን በፊት ይህን እናስብ።