ከኤልሳ ታሪክ በስተጀርባ

ሳውዝ ሲ ለምንኖር ልጆች አንበሳ የተረት እንስሳ ብቻ አይደለም፤ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤታችን ነው። የአንበሳዪቱን የኤልሳን ታሪክም እንደ ሰፈራችን ታሪክ እንወደዋለን። በ1960 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) መጽሐፉን ያሳተሙት ወይዘሮ ጆይ አዳምሰን ግን እንዴት እንደኖሩ ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

ጆይ በ1910 ዛሬ ኦፓቫ በምትባለው የቼክ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የተለያዩት ገና በልጅነታቸው ነው። በ1937 ወደ ኬንያ መጡ። ደስታ ማለት የሆነውን ጆይ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ሁለተኛው ባላቸው ፒተር ባሊ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ያ ትዳር አልጸናም። በ1944 የዱር እንስሳት ጠባቂውን ጆርጅ አዳምሰንን አገቡ። ልጅ አልወለዱም።

በ1956 ጆርጅ ሊያጠቃቸው የመጣችን እንስት አንበሳ ተኩሰው ገደሉ። ለምን እንደተቆጣች የገባቸው ሦስት ደቦሎቿን ሲያገኙ ነው። ባልና ሚስቱ ደቦሎቹን ይዘው አሳደጉ። ሁለቱ በኋላ ወደ ሮተርዳም የእንስሳት ማቆያ ተላኩ፤ ትንሿ ኤልሳ ቀረች። እሷን አደን አለማምደው ወደ ዱር መለሷት፤ እዚያም ሦስት ደቦሎች ወለደች። በ1961 መጀመሪያ ግን በበሽታ ሞተች፤ ዕድሜዋ አምስት ዓመት ገደማ ነበር።

መጽሐፉ በብዙ ቋንቋዎች ተነበበ፤ በ1966 ፊልም ሆነ። ከመጽሐፉ የተገኘው ገንዘብም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ዋለ። የባልና ሚስቱ ኑሮ ግን አልሰመረም፤ በኋለኛው ዘመናቸው ጆይ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር፣ ጆርጅ ኮራ በረሃ ለየብቻ ኖሩ። ጆይ በጃንዋሪ 3 ቀን 1980 ሻባ ውስጥ ሞተው ተገኙ። መጀመሪያ አንበሳ ገደላቸው ተባለ፤ ኋላ ግን የገደላቸው ሰው መሆኑ ታወቀ። ጆርጅም በ1989 እንግዳቸውን ከሽፍቶች ለማዳን ሲሄዱ በጥይት ተገደሉ።

ይህን ሁሉ ስናውቅ ታሪኩን የምንወድበት ምክንያት ተለወጠ እንጂ ፍቅራችን አልቀነሰም። ኤልሳን ወደ ዱር የመለሷት ሰዎች እናቷን የገደሉባት ራሳቸው ነበሩ፤ ያጠፉትን እናት መመለስ ባይችሉም ልጇን ከአጥር ውጭ አኖሯት። ለራሳቸው ሰላም ያለው ቤት መሥራት አልሆነላቸውም። እኛም ታሪኩን ለታናናሾቻችን ስንነግር ከእንግዲህ ከደስታው አንጀምርም፤ ለልጆቿ ስትል ከሞተችው እናት እንጀምራለን።