ሥራ ያጣው ኢንጂነር

በእኛ ቤት የራት ሰዓት ሕግ አንድ ነው፤ በአማርኛ ካልጠየቅክ ጨው እንኳን አይቀርብልህም። ብዙዎቻችሁ በዚህ ሕግ እንዳደጋችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ የፖል ዲራክን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የያዘኝ ፊዚክሱ ሳይሆን የቤታቸው ገበታ ነው።

ዲራክ በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቻርልስ ከስዊዘርላንድ የመጣ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበር። ልጆቹ ብሪስቶል ተወልደው እዚያው ቢያድጉም እስከ 1919 ድረስ በወረቀት የስዊዘርላንድ ዜጎች ነበሩ። ዜግነት ሲጠብቅ የኖረ ቤተሰብ ያለው ሰው ይህችን ዝም ብሎ አያልፋትም። አባትየው ፖልን ከራሱ ጋር አስቀምጦ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲያወራ ያስገድደው ነበር፤ እናቱ፣ ታላቅ ወንድሙ ፊሊክስና ታናሽ እህቱ ቤቲ ወጥ ቤት ይበላሉ። ልጁ የፈለገውን በፈረንሳይኛ መግለጽ ሲያቅተው ዝም ማለት ጀመረ። ዝምታው ካደገ በኋላም አልለቀቀውም። ካምብሪጅ ያሉ ባልደረቦቹ በስሙ የንግግር መለኪያ አውጥተውለት ነበር፤ አንድ ዲራክ ማለት በሰዓት አንድ ቃል ነው።

ፊሊክስ ሐኪም መሆን ይፈልግ ነበር። አባቱ አልፈቀደም፤ ኢንጂነሪንግ ተማረ፣ በዝቅተኛ ውጤትም ተመረቀ። ፖልም በወንድሙ መንገድ ተከትሎ በ1918፣ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ጀመረ። በመካከሉ፣ በ1919 መጨረሻ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ውጤት ይፋ ሆኖ የአንስታይን ስም በየጋዜጣው ሲወጣ፣ ልጁ ልቡ ወደ ሪላቲቪቲ ሄደ። ኢንጂነሪንጉን ግን አልተወም። በ1921 በአንደኛ ደረጃ ማዕረግ ተመረቀ፤ ከጦርነቱ በኋላ ኢኮኖሚው ወድቆ ስለነበር ሥራ አላገኘም።

አንዳንዶቻችሁ አሁን በአንድ ኮሌጅ ሦስት ዓመት ፊዚክስ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ኢንጂነሪንግ ተምራችሁ ሁለት ዲግሪ የምትይዙበት ፕሮግራም ውስጥ ናችሁ። የዲራክን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ያገናኛቸው እንዲህ ያለ ዕቅድ አልነበረም፤ ሥራ ማጣት ነው። በዚያው በ1921 ከካምብሪጅ በዓመት 70 ፓውንድ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነበር፤ ለኑሮ ስላልበቃው መሄድ አልቻለም። ቤቱ ተቀምጦ ሳለ የብሪስቶል የሒሳብ መምህራን ያለ ክፍያ እንዲማር ጋበዙት። በሁለት ዓመት የሒሳብ ዲግሪውን ያዘ፣ እንደገና በአንደኛ ደረጃ። በ1923 በስኮላርሺፑ ላይ ከመንግሥት የ140 ፓውንድ የምርምር ድጎማ ተጨመረለትና ወደ ካምብሪጅ ሄደ። ማለትም ፊዚክስ ዘንድ የደረሰው በሁለት ዓመት መዘግየትና በሌላ ሰው ደግነት ነው።

በማርች 1925 ፊሊክስ ሕይወቱን አጠፋ። ገና ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር። በትምህርታችን እንዲህ ያለ ሞት አንድ ምክንያት ብቻ እንደሌለው ተነግሮናል፤ ስለዚህ በአባትየው ላይ አልፈርድም። ይሁን እንጂ ያ የተከለከለ የሕክምና ትምህርት ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ነርሲንግ ስመርጥ ዶክተርነት ለምን አልሆነም ብሎ ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም፤ የከለከለኝ ግን አልነበረም። ዲራክ በእርጅናው እንዳወሳው፣ ወላጆቹ በልጃቸው ሞት ያን ያህል ሲሰበሩ ማየቱ አስደንግጦት ነበር፤ ለልጆቻቸው ይህን ያህል እንደሚያስቡ አያውቅም ነበር። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

በዚያው ዓመት በበጋው ማብቂያ፣ ወላጆቹ ቤት ሳለ፣ አስተማሪው ፋውለር የሃይዘንበርግን ያልታተመ ጽሑፍ በፖስታ ላከለት። በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ስታባዛ ቅደም ተከተሉን ከቀየርክ ውጤቱ ይለወጣል። ሌሎች እንደ እንከን ያዩትን ዲራክ ዋናው ነገር ይኸው ነው ብሎ ያዘ። አንድ እሑድ በእግሩ ሲንሸራሸር፣ ነገሩ ፑዋሶን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ካወጣው የቆየ ሒሳብ ጋር እንደሚመሳሰል ትዝ አለው፤ ግን ዝርዝሩ ጠፋበት። ቤቱ ያሉት መጻሕፍት አልያዙትም፣ ላይብረሪው ደግሞ በእሑድ ዝግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጨነቅ አድሮ ሰኞ በር ሲከፈት ገባ። ልክ ነበር። በ1926 በኳንተም ሜካኒክስ ዶክትሬቱን ተቀበለ።

የባከነ የመሰለው የኢንጂነሪንግ ዲግሪስ? እዚህ ላይ ዲራክ ራሱ ግልጽ ነው። ኢንጂነሪንግ ባይማር ኖሮ፣ ፍጹም ትክክል ያልሆነ ስሌት ሁሉ ዋጋ የለውም ብሎ ይቀር እንደነበር ይናገር ነበር። የድልድይን ጭነት የሚያሰላ ሰው ግን በግምት መሥራትን ይለምዳል፤ የትኛው ስህተት እንደሚናቅ፣ የትኛው እንደማይናቅ ያውቃል። ዛሬ የፊዚክስም የኢንጂነሪንግም ተማሪ የሚማረው ዴልታ ፈንክሽን የተባለው መሣሪያውም ሳይመጣ የቀረ አይመስለውም ከዚሁ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ጭነት ማለት ነውና።

በ1928 ኳንተም ሜካኒክስንና የአንስታይንን ልዩ ሪላቲቪቲ ለኤሌክትሮን ያስማማውን እኩልታ አሳተመ። እኩልታው ያልተጠበቀ መልስም ሰጠ፤ የኤሌክትሮን ዓይነት ክብደት ያለው፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ የሆነ ቅንጣት። መጀመሪያ ፕሮቶን ይሆናል ብሎ ነበር፣ ተሳሳተ። በ1931 ገና ያልታየ ቅንጣት መሆን አለበት ብሎ ጻፈ፣ በ1932 አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ከኅዋ በሚመጣ ጨረር ውስጥ አገኘው። ስሙ ፖዚትሮን ነው። በ1933 ዲራክ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ከሽሮዲንገር ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዝናን ስለሚፈራ እምቢ ሊል አስቦ ነበር፤ እምቢ ካልክ ይብሱን ትታወቃለህ ብለው መከሩትና ተቀበለ። ስቶክሆልም ይዟት የሄደው እናቱን ነው፤ አባቱን አልወሰደም።

እኔ ፖዚትሮንን ያወቅሁት በፊዚክስ ክፍል ሳይሆን በፔት ስካን ነው። በሽተኛው ለሰዓታት ሳይበላ ይመጣል፤ ጨረር የሚያወጣ ፍሎሪን የተያያዘበት ስኳር በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ካንሰር ስኳር ይወዳል፣ ብዙውን ጊዜም ከጤነኛው አካባቢ አብልጦ ይስባል። ከፍሎሪኑ የሚወጣው ፖዚትሮን ሰውነት ውስጥ ካለ ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት ጨረሮች ይወጣሉ፤ መሣሪያው እነሱን ይዞ ዕጢው የት እንዳለ ያሳያል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ መተኛት አለ። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን እንዳይስብ፣ ባይናገሩ ይመረጣል። አንዳንዱ በሽተኛ ዝምታው ከመርፌው ይብስበታል።

ዲራክ ካምብሪጅ ውስጥ ኒውተን በያዘው ወንበር ላይ ለ37 ዓመታት አስተማረ፤ በስተርጅናው ወደ አሜሪካ መጥቶ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠራ። በ1984 ታላሃሲ ውስጥ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ለንደን ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ እኩልታው የተቀረጸበት ድንጋይ በ1995 ተተክሎለታል። ታላሃሲ የምትማሩ ካላችሁ ደግሞ የሳይንስ ላይብረሪያችሁ በስሙ የተሰየመ ነው።